ቃል ኪዳን ከአባት ወደ ልጅ እንዴት ይተላለፋል? ስለ ዕብራይስጥ መጻሕፍት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሰንበት ትምህርት ቤት እስከ ቡና ጨዋታ ድረስ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ቃል ኪዳን ከተራ ተስፋ በምን ይለያል?

ተራ ተስፋ በቃል ይሰጣል፣ በቃ። ቃል ኪዳን ግን መሐላ አለው፣ ምልክት አለው፣ ብዙ ጊዜም ደም አለው። ዘፍጥረት 15ን ብቻ ማየት ይበቃል። አብርሃም ጊደር፣ ፍየልና በግ አርዶ ለሁለት ይሰነጥቃል፤ ግማሹን ከግማሹ ትይዩ አድርጎ ያስቀምጣል። አሞራ ሲወርድበት ያባርራል። ፀሐይ ስትገባ ከባድ እንቅልፍ ይጥለዋል። ጨለማው ሲበረታ የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል በሥጋው መካከል ያልፋል።

በዚያ ዘመን በታረደ እንስሳ መካከል የሚያልፍ ሰው «ቃሌን ባፈርስ እንደዚህ ልሁን» ማለቱ ነው። ኤርምያስ 34፥18 ላይም ይኸው ሥርዓት ተጠቅሷል። ዘፍጥረት ላይ ግን አብርሃም ተኝቷል፤ በመካከል የሚያልፈው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ወደፊት ትጠቅመናለች።

ስንት ኪዳን አለ? ሁሉም ለዘር ይተላለፋል?

ጎልተው የሚታዩት አምስት ናቸው። ከኖኅ ጋር የተደረገው ለሰው ሁሉ፣ ለእንስሳም ጭምር ነው፤ ምልክቱ ቀስተ ደመና ነው። የአብርሃም ኪዳን ዘርና ምድር ላይ ያተኩራል፤ ምልክቱ በስምንተኛው ቀን የሚደረግ ግዝረት ነው። የሲናው ኪዳን ከአንድ ሰው ጋር ሳይሆን ከሕዝብ ጋር ነው። ለአሮን የልጅ ልጅ ለፊንሐስ የክህነት ኪዳን (ዘኍልቍ 25)፣ ለዳዊት ደግሞ የዙፋን ኪዳን (2ኛ ሳሙኤል 7) ተሰጥቷል።

ሁሉም ከተቀባዩ ሰው ዕድሜ በላይ ይዘልቃሉ። የሚተላለፉበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። የኖኅን ኪዳን ለማግኘት ሰው ሆኖ መወለድ ብቻ ይበቃል። ግርግሩ ያለው በቀሩት አራቱ ላይ ነው።

ከአብርሃም ወደ ይስሐቅ፣ ከይስሐቅ ወደ ያዕቆብ በውርስ ነው የተላለፈው?

ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ ቤት ካርታ ነው፤ አባት ሲሞት ስም ይዛወራል፣ አለቀ። ዘፍጥረት የሚተርከው ሌላ ነገር ነው። ተስፋው ለእያንዳንዱ ትውልድ እንደ አዲስ ይነገራል። ይስሐቅ የአብርሃም ልጅ በመሆኑ ብቻ «አለኝ» ብሎ አልተቀመጠም። ረሃብ ሆኖ ወደ ጌራራ በሄደ ጊዜ ነው እግዚአብሔር ተገልጦ «ወደ ግብፅ አትውረድ» ያለው፤ ለአባቱ የማለውን መሐላ እንደሚያጸናለትም የነገረው (26፥2-5)። ያዕቆብም ቃሉን የሰማው አባቱ ቤት ተቀምጦ አይደለም። ወንድሙን ሸሽቶ፣ ሜዳ ላይ ድንጋይ ተንተርሶ በተኛበት ሌሊት ነው (28፥10-15)።

ከያዕቆብ በኋላ ደግሞ መንገዱ ይቀየራል። ለዮሴፍ በዘፍጥረት ውስጥ እንዲህ ያለ መገለጥ የለውም። ሕልም ያያል፣ ሕልም ይፈታል፤ «ይህችን ምድር ለዘርህ እሰጣለሁ» የሚል ድምፅ ግን ለእሱ አልመጣለትም። ተስፋውን ያገኘው ከአባቱ አፍ ነው። ያም ሆኖ ሲሞት ወንድሞቹን «እግዚአብሔር በእርግጥ ይጎበኛችኋል፤ ያኔ አጥንቴን ከዚህ አውጡ» ብሎ ያስምላቸዋል። ሙሴ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ያን አጥንት ይዞ ወጣ (ዘጸአት 13፥19)። የተቀበረውም ሴኬም ነው (ኢያሱ 24፥32)። ድምፁን ያልሰማው ሰው አጥንቱን ሳይቀር በተስፋው ላይ አስይዟል። ለእኔ ከያዕቆብ መሰላል ይልቅ ይህ ይደንቀኛል።

ያዕቆብ በረከቱን ያገኘው በማታለል ከሆነ ተስፋውም በማታለል ተላለፈ ማለት ነው?

ምዕራፍ 27ንና ምዕራፍ 28ን ጎን ለጎን አንብቡ። በ27 ላይ ያዕቆብ የፍየል ጠጉር ለብሶ የተቀበለው ምርቃት የሰማይ ጠል፣ የእህልና የወይን ብዛት፣ በወንድሞቹ ላይ ጌትነት ነው። «የሚረግሙህ ይረገሙ» የሚለው የአብርሃምን ጥሪ ያስታውሳል፤ የአብርሃም ስምና ለዘሩ ቃል የተገባው ምድር ግን እዚያ ውስጥ አልተጠሩም።

«የአብርሃምን በረከት» በስሙ ጠርቶ ይስሐቅ የሰጠው በ28፥3-4 ነው። ያኔ ማንን እንደሚመርቅ አሳምሮ ያውቃል፤ ጠጉር የለበሰ የለም፣ ወጥ ያቀረበ የለም። ያዕቆብ በማታለሉ ያተረፈው የ20 ዓመት ስደት ነው፤ እሱንም አጎቱ ላባ በተራው እያታለለው ነው ያሳለፈው። ምዕራፍ 27ን ብቻ ሰብኮ ማቆም ለያዕቆብም ለይስሐቅም ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ለምንድን ነው በኩሩ ሁልጊዜ የሚታለፈው?

ሁልጊዜ ባይሆንም እጅግ ብዙ ጊዜ ነው። ከእስማኤል ይስሐቅ፣ ከዔሳው ያዕቆብ፣ ከሮቤል ይሁዳ፣ ከምናሴ ኤፍሬም። ዳዊትማ ጭራሽ ከቤት ተረስቶ በግ ጥበቃ ላይ የነበረ የመጨረሻ ልጅ ነው። ሕጉ ራሱ ደግሞ ለበኩር ይቆማል። ዘዳግም 21፥15-17 አንድ አባት ከሚወዳት ሚስቱ የተወለደውን ልጅ በበኩሩ ቦታ እንዳይተካ ይከለክላል፤ እጥፍ ድርሻ የበኩሩ ነው ይላል። ስለዚህ ንብረት በልማዱ ይሄዳል። ተስፋው ግን ልማዱን አይጠይቅም።

ዘፍጥረት 48 ላይ ያለውን ትዕይንት ቀረብ ብላችሁ እዩት። ያዕቆብ ዓይኑ ደክሟል። ዮሴፍ ልጆቹን አሰልፎ ያቀርባል፤ ምናሴን በአያቱ ቀኝ፣ ኤፍሬምን በግራ። ሁሉንም አስተካክሏል። ሽማግሌው ግን እጁን አጠላልፎ ቀኙን በታናሹ ራስ ላይ ይጭናል። ዮሴፍ ቅር ይለውና የአባቱን እጅ ይዞ ሊያነሣ ይሞክራል፤ «አባቴ፣ እንዲህ አይደለም፣ በኩሩ ይሄኛው ነው» ይላል። ያዕቆብም አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ ይለዋል። ዓይኑ ባይሠራም እጁ አልተሳሳተም። ደግሞ ይህን የሚያደርገው ራሱ ታናሽ ሆኖ ሳለ፣ ዓይኑ በደከመ አባት ፊት ቆሞ የተመረቀ ሰው ነው። የአሁኑ ግን በግልጽ፣ ማንም ሳይታለል ነው።

ምክንያቱን መጽሐፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይነግረንም። የሚታየው ነገር ግን አለ፦ ተስፋው ማንም ሲወለድ ይዞት የሚመጣ መብት ሆኖ አልተቀመጠም።

እስማኤልና ዔሳው ተረገሙ ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ከመደበላለቅ ሁሉ የከፋው ነው። አብርሃም «እስማኤል በፊትህ በኖረ» ብሎ ሲለምን መልሱ «ሰምቼሃለሁ» ነው፤ እንደሚባረክ፣ 12 አለቆች እንደሚወልድ፣ ታላቅ ሕዝብ እንደሚሆን ይነገረዋል (ዘፍጥረት 17፥20)። እንዲያውም እስማኤል የተገዘረው ከአባቱ ጋር በአንድ ቀን ነው፤ እሱ 13፣ አብርሃም 99 ዓመታቸው። ይስሐቅ ያኔ አልተወለደም።

ዔሳውም ርስት አለው። ሙሴ በዘዳግም 2፥5 ሕዝቡን የሴይርን ተራራ ለዔሳው ሰጥቼዋለሁና እንዳትነኩት ተብላችኋል ይላቸዋል። በቀብር ላይም ወንድማማቾቹ አብረው ናቸው፤ አብርሃምን ይስሐቅና እስማኤል፣ ይስሐቅን ዔሳውና ያዕቆብ ቀበሩ። የኪዳኑ መስመር በአንዱ በኩል መሄዱ ሌላውን ከበረከት ውጭ አላደረገውም።

በደም ያልተወለደ ሰው ሊገባበት ይችላል?

ይችላል፤ ከመጀመሪያውም ይችል ነበር። በዘፍጥረት 17 ግዝረቱ የታዘዘው ለአብርሃም ልጆች ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ለተወለደውና በገንዘብ ከባዕድ ለተገዛውም ነው። በፋሲካው ሥርዓት መጻተኛው ከተገዘረ እንደ አገር ልጅ ይቆጠራል (ዘጸአት 12፥48)።

የካሌብ ነገር ደግሞ ያስገርማል። ካሌብ ቄኔዛዊ ነው። ቄኔዛውያን በዘፍጥረት 15፥19 ምድራቸው ለአብርሃም ዘር እንደሚሰጥ ከተቆጠሩት ሕዝቦች መካከል ናቸው። ምድሪቱ ስትከፋፈል ግን ኬብሮንን የሚወርሰው እሱ ነው። ኬብሮን ማለት አብርሃም በ400 ሰቅል ብር የገዛው የመክፌላ ዋሻ፣ ራሱም የተቀበረበት አገር ነው። ሩትም ሞዓባዊት ናት፤ ዘዳግም 23፥3 ሞዓባዊ እስከ አሥረኛ ትውልድ ወደ ጉባኤው አይግባ እያለ፣ እሷ የዳዊት ቅድመ አያት ሆናለች።

ዘሩ የሚቆጠረው በአባት ነው ወይስ በእናት?

በዕብራይስጥ መጻሕፍት ውስጥ ነገድም ክህነትም ንግሥናም በአባት ይቆጠራል። የትውልድ ሐረጎቹን ማየት ነው፤ «እገሌ እገሌን ወለደ»። ሆኖም የትኛው ልጅ እንደሚቀጥል በማወቅ እናቶቹ ይቀድማሉ። ሣራ የተናገረችውን ስማ የተባለው አብርሃም ነው (ዘፍጥረት 21፥12)። ታላቁ ለታናሹ ይገዛል የሚለው ቃል የመጣው ለርብቃ እንጂ ለይስሐቅ አልነበረም።

ርስትን በተመለከተ የሰለጰዓድ አምስት ሴት ልጆች ታሪክ አለ። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይኖረው ሞተ። በሙሴና በአለቆቹ ሁሉ ፊት ቆመው ወንድ ልጅ ስላልነበረው የአባታችን ስም ለምን ይጠፋል ብለው ጠየቁ። ፍርዱ ለእነሱ ሆነ፤ ሕግም ወጣበት (ዘኍልቍ 27)። በኋላ ግን ርስቱ ወደ ሌላ ነገድ እንዳይሄድ ከነገዳቸው እንዲያገቡ ተወሰነ (ምዕራፍ 36)።

አይሁዳዊነት በእናት ይቆጠራል የሚለው ከዚህ በኋላ በረቢዎች ሕግ የጸና ነው። ካህንና ሌዊ መሆን ግን ዛሬም በአባት ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት የመንግሥት ሕግ ደግሞ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሻሻለው የመመለስ ሕግ አያቱ አይሁዳዊ የሆነን ሰው ሁሉ ይቀበላል። ቤተ እስራኤልን የዳን ነገድ ናቸው ብለው የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ የወሰኑት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ያም ቢሆን ጥያቄው እስከዛሬ ቢሮ ለቢሮ ያንከራትታል።

ሲና ላይ ያልነበረ ሰው እንዴት በሲናው ኪዳን ይታሰራል?

ሙሴ በሞዓብ ሜዳ የሚያናግራቸው ሰዎች አብዛኞቹ በኮሬብ፣ ማለትም በሲና፣ ጊዜ ሕፃናት ነበሩ፣ ወይም ጭራሽ አልተወለዱም። ወላጆቻቸው በምድረ በዳ አልቀዋል። እሱ ግን ይህ ኪዳን ከአባቶቻችን ጋር አልነበረም፣ ዛሬ በሕይወት ካለነው ከእኛ ጋር ነው እንጂ ይላል (ዘዳግም 5፥3)። በምዕራፍ 29 ደግሞ ዛሬ እዚህ ከሌሉትም ጋር ነው ይላል። በዚያ ቀን የቆሙት አለቆች ብቻ አልነበሩም፤ ሕፃናት፣ ሴቶች፣ እንጨት ቆራጭና ውኃ ቀጂ ሳይቀሩ ነበሩ።

ያልተወለደን ማሰር በጥንቱ ዓለም እንግዳ ነገር አልነበረም። የአሦር ንጉሥ አስራዶን በ672 ቅ.ል.ክ. ለልጁ አልጋ ያስማለው ውል ልጆቻችሁንና የልጅ ልጆቻችሁን፣ ከዚህ በኋላ የሚወለዱትንም ያስራል ይላል። ልዩነቱ አስራዶን በፍርሃት ነው የሚያስረው። ዘዳግም በጥያቄ ይጀምራል። ልጅህ ወደፊት «ይህ ሥርዓት ምንድን ነው?» ቢልህ «በግብፅ የፈርዖን ባሪያዎች ነበርን» በለው ይላል (6፥20-21)። መላሹ ግብፅን አይቶ አያውቅ ይሆናል። «ነበርን» ግን ይላል። የማስተላለፊያው መንገድ ይኸው ነው፦ ልጅ ይጠይቃል፣ አባት በ«እኛ» ይመልሳል።

ሲቋረጥስ? መሳፍንት 2፥10 መልሱን ይሰጣል፤ እግዚአብሔርንም ለእስራኤል ያደረገውንም ሥራ የማያውቅ ሌላ ትውልድ ተነሣ። ለዚህ አንድ ትውልድ ዝም ማለቱ በቂ ነበር።

«እስከ ሦስትና አራት ትውልድ» ከተባለ የትውልድ እርግማን አለ ማለት ነው?

ዘጸአት 20፥5-6ን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ቅጣቱ «ለሚጠሉኝ» ነው፤ እስከ ሦስትና አራት ትውልድ። ምሕረቱ ደግሞ ለሚወዱት፣ እስከ ሺህ። ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። በዚያ ዘመን አያት፣ አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። የቤቱ ራስ ጣዖት ሲያቆም ያ ሁሉ ሰው ይነካል። ሦስትና አራት ትውልድ ማለት አንድ ሰው በዓይኑ ሊያይ የሚችለው ዘር ነው።

ጥፋተኝነቱስ ይወረሳል? ዘዳግም 24፥16 አባት ስለ ልጅ፣ ልጅም ስለ አባት አይገደል ይላል። ንጉሥ አሜስያስ አባቱን የገደሉትን ሰዎች ሲቀጣ ልጆቻቸውን የተወው ይህን ሕግ ጠቅሶ ነው (2ኛ ነገሥት 14፥6)። በምርኮ ዘመን ሕዝቡ «አባቶች ጎምዛዛ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ» እያለ ሲያማርር ሕዝቅኤል 18 ተረቱን ጨርሶ ይከለክለዋል። ጻድቅ አባት፣ ክፉ ልጅ፣ ደግ የልጅ ልጅ እያለ አንድ በአንድ ይዳኛቸዋል።

እርግጥ ሌላም ድምፅ አለ። 2ኛ ነገሥት 23፥26 ንጉሥ ኢዮስያስ ያን ያህል ቢያስተካክልም በአያቱ በንጉሥ ምናሴ ኃጢአት የተነሣው ቁጣ አልበረደም ይላል። የእኔ ንባብ እንዲህ ነው፦ መዘዙ ይተላለፋል፣ በደሉ አይተላለፍም። የአያት ቅድመ አያትን ስም አስጽፎ «እርግማን መስበር» የሚባለውን ልማድ በተመለከተ፣ እነዚህ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ሥርዓት አያውቁም። የሚያውቁት መናዘዝን ነው። ነህምያ 9፥2 ላይ ሕዝቡ ቆመው የራሳቸውንም የአባቶቻቸውንም ኃጢአት ይናዘዛሉ። የአባቶቻቸውን ብቻ አይደለም።

«የካም እርግማን» አፍሪካውያንን ይመለከታል?

አይመለከትም። ዘፍጥረት 9፥25 ላይ የተረገመው ካም አይደለም፣ ልጁ ከነዓን ነው። የተናገረውም ኖኅ ነው። የከነዓን ልጆች አገር ከሲዶን እስከ ጋዛ መሆኑ በምዕራፍ 10 ተጽፏል። ኩሽ የከነዓን ወንድም ነው፤ በእርግማኑ ውስጥ ስሙ የለም። ባሪያ ፈንጋዮች ያጣመሙትን ንባብ እኛው መልሰን ስንደግመው መስማት ያሳዝናል።

«ለዘላለም» የተባለ ተስፋ ሊሻር ይችላል?

ከባዱ ጥያቄ ይኼ ነው። ለካህኑ ለዒሊ የተነገረውን ስሙ። «ቤትህና የአባትህ ቤት ለዘላለም በፊቴ ይኖራሉ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ይህ አይሆንም» (1ኛ ሳሙኤል 2፥30)። ልጆቹ የመሥዋዕቱን ሥጋ በጉልበት ይወስዱ ነበር፣ እሱም ጠበቅ አድርጎ አልከለከላቸውም። ፍርዱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሳኦል 85 የኖብ ካህናትን አስገደለ፤ ከዒሊ ዘር አብያታር አመለጠ። በኋላ ሰሎሞን እሱንም ከክህነት አውጥቶ ወደ ዓናቶት ሰደደው፤ ጸሐፊውም ለዒሊ ቤት የተነገረው ተፈጸመ ብሎ ይዘጋዋል (1ኛ ነገሥት 2፥27)።

ግን ክህነቱ አልጠፋም። በቦታው የተተካው ሳዶቅ በ1ኛ ዜና መዋዕል ሐረግ የፊንሐስ ዘር ነው። ቀድሞ ኪዳን የተሰጠው ማን ነበር? ፊንሐስ። አንዱ ቤት ወደቀ፣ ተስፋው ግን በሌላው በኩል ሄደ። ይህ በብዙ ቦታ ይደገማል። በወርቁ ጥጃ ጊዜ እግዚአብሔር ሙሴን «እነዚህን ላጥፋቸውና አንተን ታላቅ ሕዝብ ላድርግህ» ይለዋል። ሙሴም የአብርሃም ዘር ነውና በዚያ መንገድም ተስፋው አይፈርስም ነበር። ሙሴ ግን እምቢ አለ፤ «ለአብርሃም፣ ለይስሐቅ፣ ለእስራኤል በራስህ የማልህላቸውን አስብ» ብሎ ተከራከረ (ዘጸአት 32፥10-13)። መሐላው የቆመው በተኛው ሰው ላይ አልነበረም፤ በሥጋው መካከል ባለፈው ላይ ነበር። ሙሴ የሚጠይቀው ያንኑ ነው።

እንግዲህ ባጭሩ ካስፈለገ፦ ተስፋው ይጸናል፣ በተስፋው የሚጠቀመው ሰው ግን ይቀያየራል። «የእገሌ ዘር ነኝ» ማለት ብቻውን ለማንም ዋስትና አልሆነም።

የዳዊት ዙፋን ለዘላለም ከተባለ ኢየሩሳሌም ስትወድቅ ምን ሆነ?

የዳዊትን ኪዳን የሚያወሱት ክፍሎች ራሳቸው በአንድ ድምፅ አይናገሩም። 2ኛ ሳሙኤል 7 ልጁ ቢበድል በሰው በትር ይቀጣል፣ ምሕረቴ ግን አይርቅም ይላል። መዝሙር 132፥12 ደግሞ «ልጆችህ ኪዳኔን ቢጠብቁ» ይላል። በተግባር ሁለቱም ታይተዋል። ሰሎሞን ሲያጠፋ አሥሩ ነገድ ሄደ፣ አንዱ «ለዳዊት መብራት እንዲሆንለት» ቀረ። ሰሜኑ መንግሥት 19 ነገሥታትና ብዙ ግልበጣ አይቶ አለቀ፤ ይሁዳ ላይ ከአንዲት ጎቶልያ በቀር የነገሠው የዳዊት ቤት ብቻ ነው። ጎቶልያ የንጉሡን ዘር ሁሉ ስታስፈጅ የተረፈው ኢዮአስ የሚባል ሕፃን ነበር። አክስቱ ዮሳቤት ከነሞግዚቱ ደበቀችው። ስድስት ዓመት ሙሉ የዳዊት ተስፋ የቀረው በቤተ መቅደስ ውስጥ በተደበቀ አንድ ልጅ ላይ ነበር።

በ586 ቅ.ል.ክ. ገደማ ግን ዙፋኑ በእርግጥ ተሰበረ። ንጉሥ ዮአኪን ቀድሞ ባቢሎን ተግዟል። ኤርምያስ «የቀኝ እጄ ማኅተም ቢሆን እንኳ ነቅዬ እጥለዋለሁ፣ መካን ብላችሁ ጻፉት» ብሎበታል (22፥24-30)። ባቢሎን ውስጥ የተገኙ የሸክላ ጽላቶች፣ አንዱ የ592 ቅ.ል.ክ.፣ ለይሁዳ ንጉሥ ዮአኪንና ለአምስት ልጆቹ የሚሰፈር ዘይት መዝግበዋል። መካን ተብሎ የተጻፈው ሰው ልጆች በጠላት መጋዘን ሒሳብ ላይ ተቆጥረው ይገኛሉ። ከምርኮ መልስ የልጅ ልጁ ዘሩባቤል ገዢ ሆኖ ሲመጣ ሐጌ «እንደ ማኅተም አደርግሃለሁ» አለው (2፥23)። የወለቀው ቀለበት ተመልሶ ገባ፤ ዙፋን ግን አልነበረም። መዝሙር 89 ይህን ክፍተት አይሸፍነውም፤ መጀመሪያ ኪዳኑን ያመሰግናል፣ ከዚያ «ኪዳኑን አፈረስህ» ብሎ ፊት ለፊት ይሟገታል። አይሁድ የሚመጣውን መሲሕ የሚጠብቁት፣ ክርስቲያኖችም ኢየሱስን የዳዊት ልጅ የሚሉት ከዚህ ክፍተት ተነሥተው ነው።

የኢትዮጵያ ሰሎሞናዊ ሥርወ መንግሥት ከዚህ ተስፋ ጋር ይያያዛል?

ራሱን አያይዟል። የ1923ቱም የ1948ቱም ሕገ መንግሥት (ዓ.ም.) የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ይወርዳል ብለው ጽፈዋል። ዕብራይስጡ 1ኛ ነገሥት 10 ግን ንግሥቲቱ ጠይቃ፣ አይታ፣ ወደ አገሯ ተመለሰች ብሎ ያቆማል፤ ልጅ አይጠቅስም። ታሪኩ በስፋት የተነገረው በክብረ ነገሥት ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ። ክብረ ነገሥት ምኒልክን የሰሎሞን በኩር ያደርገዋል፤ አብረውት የሚመጡትም የእስራኤል ታላላቆች በኩር ልጆች ናቸው። ክርክሩ በብኩርና የቆመ ነው። ዘፍጥረት ደግሞ፣ እንዳየነው፣ በኩርን እያለፈ ነው የሚሄደው። ሁለቱን መጻሕፍት አንድ ላይ ሲያነቡ ይህን ልዩነት አለማየት ያስቸግራል።

ኤርምያስ «አዲስ ኪዳን» ሲል አሮጌው ለልጆች መተላለፉ አበቃ ማለት ነው?

ኤርምያስ 31፥31 አዲሱን ኪዳን የሚሰጠው ለእስራኤል ቤትና ለይሁዳ ቤት ነው። የሚለወጠው ሕጉ የሚጻፍበት ቦታ ነው፤ በድንጋይ ፈንታ በልብ። ቁጥር 34 ላይ ሰው ወንድሙን «እግዚአብሔርን እወቅ» ብሎ አያስተምርም፣ ከታናሽ እስከ ታላቅ ሁሉም ያውቁኛልና ይላል። ዘዳግም ያቆመው የአባትና የልጅ ጥያቄና መልስ እዚህ ጋ ሥራውን ይጨርሳል። መሳፍንት 2፥10 ላይ የተበጠሰው ገመድ ዳግመኛ እንዳይበጠስ የታሰበ ይመስላል።

ዘሩ ግን አልተረሳም። ወዲያው ቁጥር 35-36 ላይ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት ከሥርዓታቸው ቢወጡ ያን ጊዜ የእስራኤል ዘር ሕዝብ መሆኑ ይቀራል ይላል። ክርስቲያኖች ይህን ክፍል በክርስቶስ እንደተፈጸመ ያነቡታል፤ አይሁድ ገና እንደሚጠበቅ መታደስ። ሁለቱም ከዚያው ምዕራፍ ቁጥር 29 ላይ የጎምዛዛው ወይን ተረት እንደተከለከለ ማስተዋል አለባቸው። ኤርምያስ ወደ አዲሱ ኪዳን የገባው መጀመሪያ እያንዳንዱ በራሱ በደል ይሞታል ካለ በኋላ ነው።